የአደራ ሙልሙል

ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ በልጅነቴ ዘመን በደብረ ብርሃን ከተማ በየቤቱ የሚሠራው ሥራ አንድ ነበር፤ ሊጥ መጠበቅ። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና በክረምቱ መጨረሻ ብርዱ ከአጥንት ይገባል። ሰው ጋቢ በሚደርብበት በዚያ ሌሊት ለሊጡም ጋቢ ይደረብለት ነበር። እናቴ ቡሃቃውን ከምድጃው አጠገብ አስጠግታ፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፍና፣ የአባቴን ጋቢ በላዩ ትጥልበትና ሌሊቱን ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሣች በጣቷ ጫን እያደረገች ትመለከተው ነበር። ሊጡ ጣቷን ተከትሎ ቀስ ብሎ ከተመለሰ «ነፍስ ዘርቷል» ትላለች፤ ጣቷ የገባበት ጎድጎዶ ወዲያው ተመልሶ ከሞላ ደግሞ «ገና ነው፤ ተኝቷል» ብላ ጋቢውን ትመልስለታለች። እኔም ከመደቡ ላይ ጋደም ብዬ፣ በእንቅልፍና በንቃት መካከል፣ ያን ሊጥ ከእኛው ጋር እንደሚያድር አንድ የቤተ ሰብ አባል እቆጥረው ነበር።

ሙልሙል የቡሄ ዳቦ ነው። የስንዴው ዱቄት በእርሾ ተቦክቶ ኩፍ ካለ በኋላ ሊጡ እየተከፈለ በመዳፍና በመዳፍ መካከል ሞላላ ሆኖ ይዘጋጅና በኮባ ቅጠል ላይ ተደርጎ በምጣድ ይጋገራል። አክንባሎ ይደፋበታል፤ የኩበቱ ፍም ከሥርም ከላይም ይሆንለታል። እንዲህ ሲነገር ትንሽ ድፎ ዳቦ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የመጠን ብቻ አይደለም። ድፎ የቤቱ ሁሉ ነው፤ ባርኮ የሚቆርሰው ሰው አለው፤ ቁራሹም እንደ እንግዳው ብዛት ያድጋል ወይም ያንሳል። ሙልሙል ግን ገና ሊጥ ሳለ ባለቤት አለው። እናቴ አንዱን ሞላላ ከሌላው ጎን ስታስቀምጥ በለሆሳስ ትቆጥር ነበር፤ «ይህ የታላቅህ፣ ይህ ያንተ፣ ይህ የክርስትና ልጄ፣ እነዚህ ደግሞ ከደጅ ለሚመጡት»። ለራሷ የምትቆጥረው አልነበረም። ሙልሙል ጋጋሪዋ የማትበላው ዳቦ መሆኑን ያስተዋልሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የልማዱን ምንጭ ከደብረ ታቦር በዓል ጋር ያያይዘዋል። ክርስቶስ በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ አካባቢው ሁሉ ስለ በራ፣ እረኞች የመሸ ሳይመስላቸው ከመስክ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። የቡሄ ችቦና የቡሄ ሙልሙል ትርጓሜያቸው ይኸው ነው። የእኛ ከተማ ስሟ ራሱ የብርሃን ተራራ ማለት ሲሆን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከሰማይ የወረደ ብርሃን አይተው እንደ ቆረቆሯት ስለሚነገር፣ እኛ ልጆች ሁለቱን ታሪኮች እናምታታቸው ነበር። እረኞቹ የጠፉት ከእኛው መስክ፣ ዳቦው የመጣላቸውም ከእኛው ሰፈር ይመስለን ነበር። ዋናውን ቁም ነገር ግን አላምታታንም። ሙልሙል ማለት ከቤት ውጪ ላለ ልጅ ተይዞ የሚሄድ ዳቦ ነው።

ይህን ዳቦ ከዓለም ጣፋጭ ዳቦዎች ጎን ስናስቀምጠው አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በእርሾ ኩፍ ያለ ጣፋጭ ዳቦ በብዙ ሕዝብ ዘንድ የጾም ጎረቤት ነው። ስዊድናውያን ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው ማክሰኞ የሚበሉት፣ መካከሉ ተከፍቶ የለውዝ ልቁጥና ክሬም የሚሞላበት «ሴምላ» የተባለ ዳቦ አላቸው። ግሪኮች ለፋሲካ ከዱቄት፣ ከቅቤና ከእንቁላል የተጎነጎነ «ፁሬኪ» ይጋግራሉ፤ በጉንጉኑ ውስጥ ቀይ የተቀባ እንቁላል የሚሰኩበትም ጊዜ አለ። እንግሊዞች ለስቅለት ዓርብ ዘቢብና ቅመም ገብቶበት በላዩ መስቀል የተሠራበት ትንሽ ዳቦ ይበላሉ። አንዱ ከጾም በፊት የሚሰናበት፣ ሌላው ከጾም በኋላ የሚቀበል ነው፤ ለእኛ በቀኑ የሚቀርበው የእንግሊዞቹ ሲሆን እርሱም ቢሆን ዛሬ ወተትና ቅቤ አያጣም።

የእኛ ሙልሙል የሚጋገረው በጾሙ መካከል ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ገብታ ነሐሴ 16 ቀን ስትፈታ፣ ቡሄ በ13ኛው ቀን ይውላል። ስለዚህ ሙልሙል ቅቤ አያውቅም፤ ወተትና እንቁላል አይደርሱበትም። የበዓል ዳቦ ሆኖ ሳለ በዓል የሚያሰኙት ነገሮች ሁሉ ተከልክለውታል። ታዲያ እኛ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ጣፋጭነቱ ከየት ይመጣ ነበር? እኔ ሦስት ምንጮች አግኝቼለታለሁ። ሁለቱን መናገር ቀላል ነው፤ ሦስተኛውን ለመናገር ግን 30 ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል።

የመጀመሪያው ምንጭ ስንዴውና ጊዜው ነው። ዱቄት ከውኃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ስታርቹን እየሰባበሩ ወደ ስኳር ይለውጡታል፤ እርሾውም ከዚያ ስኳር እየተመገበ አየር ያወጣል፤ ሊጡ ኩፍ የሚለው በዚህ አየር ነው። መፍላት የሕያዋን ረቂቅ ነፍሳት ሥራ መሆኑን የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲያረጋግጥ፣ እናቴ «ነፍስ ዘርቷል» ስትል የምትናገረውን ነገር በምርምር አረጋገጠ ማለት ነው። ብርድ እርሾን ያዘገየዋል፤ የዘገየ ሊጥ ግን የበሰለ ጣዕም ይይዛል። ስኳር ያለ ልክ የተጨመረበት ሊጥ ደግሞ ውኃውን ከእርሾው ስለሚሻማ እርሾው ይደክማል፤ ስለዚህም ነው የጣፋጭ ዳቦ ጋጋሪዎች እርሾ የሚያበዙት። የደብረ ብርሃን እናቶች የሚያበዙት እርሾ አልነበረም፤ የሚያበዙት ሌሊት ነበር። ስንዴውም የአገር ስንዴ ነው። የሩሲያው የዕፀዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴያችንን ዝርያ ብዛት አይቶ ተደንቋል። ያ የደጋ ስንዴ እንደ ፋብሪካው ነጭ ዱቄት በጣም አይነፋም፤ ነገር ግን ጥቅጥቅ ብሎ፣ ሲታኘክ ቆይቶ የሚጣፍጥ ዳቦ ይወጣዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ቅመሙ ነው። እናቴ የአንኮበር ልጅ ነበረች። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው አብቅቶ ገደሉ ወደ አፋር ቆላ ከሚወርድበት አፋፍ ላይ የምትገኝ፣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴና በኋላም የምኒልክ መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ከበታቿ አልዩ አምባ አለች፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያራግፉባት ገበያ ነበረች። አያቴ የሚኖሩት ከአንኮበር ነበርና፣ በየዓመቱ ከክረምቱ መግባት በፊት በክር የተሰካ ደረቅ ኮረሪማ ይልኩልን ነበር። ኮረሪማው ራሱ የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው፤ እኛ ቤት እስኪደርስ የስንት ገበያ አቧራ እንደ ጠጣ እግዜር ይወቀው። እናቴ ከክሩ ሁለት ሦስት ፍሬ ፈልቅቃ፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር ወቅጣ፣ ከሊጡ ጋር ታሸዋለች። ስኳር ከቀበሌው ሱቅ በካርድ የሚታደልበት ዘመን ስለ ነበር ከሊጥ የሚገባ ስኳር አልነበረም። ሙልሙሉ ከምጣድ ሲወጣ የሚሸተው የዚያ ኮረሪማ ሽታ ግን ስኳርን የሚያስናፍቅ አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. በየካቲት ወር ለአንድ የቴአትር ስብሰባ ወደ ስቶክሆልም ተጉዤ ነበር። በረዶ በሚወርድበት አንድ ጧት ከመንገድ ዳር ካለ ዳቦ ቤት በር ፊት ሳልፍ እግሬ ያለ ፈቃዴ ቆመ። ሽታው የእናቴ ቤት ሽታ ነው። ገብቼ ስጠይቅ ቋጠሮ አስመስለው የጠቀለሉትን፣ ቅቤና ስኳር የገባበትን፣ ድቅቅ ያላለ ሄል የተነሰነሰበትን ዳቦ አሳዩኝ። ሄል ከደቡብ ሕንድ የሚመነጭ ቅመም ነው፤ ኮረሪማና ሄል ግን ሁለቱም ከዝንጅብል ወገን ናቸው፤ በሽታም ይዛመዳሉ። ስዊድናውያን ይህን ከሩቅ አገር የሚመጣ ቅመም ከዳቧቸው ጋር ካዋሐዱት ዘመናት አልፈዋል። አንዱን ገዝቼ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥሁ። ገመስሁት፤ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመጉረስ አልቻልሁም። ሽታው ይዞብኝ የመጣው የእናቴን ምድጃ ብቻ አልነበረምና ነው።

ዓመቱ 1982 ነበር። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ። በሰሜን የነበረው ጦርነት ከየቤቱ ጎልማሳውንና ወጣቱን ወስዷል፤ ዱቄት ተወድዷል። እናቴ ክርስትና ያነሣችው አንድ ልጅ ነበር፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል። እናቱ በሕፃንነቱ ሞታበት፣ አባቱ ግንባር ሄዶበት፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ ከአያቱ ጋር ይኖር ነበር። በእኛ አገር የክርስትና እናት ለክርስትና ልጇ የቡሄ ሙልሙል ግዴታዋ ነው፤ ልጁ መጥቶ ይቀበላል፤ መምጣት ካልቻለ ይላክለታል። በዚያ ዓመት ልጁ ታሞ ተኝቷል፤ ጅራፍ ማጮህም ሆነ ከሆያ ሆዬ ጨፋሪዎች ጋር መዞር አልቻለም። እናቴ የእርሱን ሙልሙል በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ከእጄ ላይ አስቀመጠችና፣ «አደራ፤ በገዛ እጁ ስጠው» አለችኝ።

ዝናቡ ካፊያ ነበር። ዳቦውን ከጋቢዬ ሥር ከደረቴ ጋር አስጠግቼ ያዝሁት፤ ትኩስ ነበርና ያሞቀኛል። የራሴን ሙልሙል ጧት በልቼዋለሁ። ከድልድዩ ሳልደርስ ሽታው በአንገቴ በኩል ይወጣ ጀመር። ጨርቁን የፈታሁት ለማየት ብቻ ነበር፤ ጫፉን የቆረስሁትም ለመቅመስ ብቻ ነበር። ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጬ ግማሹን ስጨርስ፣ ግማሽ ሙልሙል ይዞ መሄድ ጭራሽ ካለመሄድ የባሰ ነውር መስሎ ታየኝ፤ የቀረውንም ጨረስሁት። እንደዚህ ባለ ታሪክ ውስጥ ጸሐፊው ዳቦው በአፉ ውስጥ አመድ ሆነበት ብሎ መጻፍ ይቀናዋል። እኔ ግን እውነቱን ልናገር፤ ጣፈጠኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ የጣፈጠኝ ዳቦ የለም። ፍርፋሪውን ከጋቢዬ ላይ አራግፌ፣ ጨርቁን አጥፌ ወደ ቤቴ ተመለስሁና «ሰጥቼዋለሁ» አልሁ። አደራውን ያጎደለ ሰው በአማርኛ «አደራ በላ» ይባላል። እኔ ይህን አባባል ቃል በቃል ፈጽሜዋለሁ።

ፍልሰታ በተፈታች ማግሥት የልጁ አያት ከእኛ ቤት መጡ። እኔ ከጓዳው በር አጠገብ ነበርሁ። የመጡት ለመውቀስ አልነበረም። ተቀምጠው፣ ቡና ቀርቦላቸው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ዘንድሮስ ጊዜው ከፍቶብሽ ነው፤ አይክፋሽ፤ ለልጁም ነግሬዋለሁ» አሏት። እናቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ወደ እኔ አልዞረችም፤ መዞር አላስፈለጋትም። ከዚያም አንገቷን ደፍታ፣ «አዎን፣ እማማ፤ ተቸግሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው። በጦርነቱም ሆነ በችግሩ ዘመን የክርስትና ልጇን ቀርቶ የማታውቀውን ልጅ ከደጇ ባዶ እጁን ያልሸኘች ሴት፣ ያላጎደለችውን አጉድያለሁ ብላ ስትናገር ሰማሁ።

እንግዳዋ ከሄዱ በኋላ ዱላ ጠበቅሁ፤ ዱላ አልነበረም። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ካስቀመጠችው ስንዴ ላይ ሁለት እፍኝ ያህል ዘግና አስፈጨች፤ አቦካች፤ ሌሊቱን ያንኑ ጋቢ ደርባ ጠበቀችው። በማግሥቱ በትልቁ ምጣድ መካከል አንዲት ሙልሙል ብቻዋን ተቀምጣ አየሁ። እስከ ዛሬ ድረስ እንደዚያ ያለ ብቸኛ ነገር በየትኛውም መድረክ ላይ አላየሁም። በዚያው ጨርቅ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ «ውሸቱን እኔ ይዤልሃለሁ፤ ዳቦውን ግን አንተ ታደርሳለህ» አለችኝ። አደረስሁ። ልጁ ከመደቡ ላይ ቀና ብሎ ጨርቁን ፈታና ሙልሙሉን ትክ ብሎ ተመለከተው። ከዚያም ያለ ምንም ቁጣ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው፣ «ቡሄኮ አለፈ» አለኝ። ዳቦውን አልቆረሰውም፤ ከራስጌው አስቀመጠው። አባቱ ከግንባር እንዳልተመለሰ የሰማነው በተከታዩ ዓመት ነው።

ሦስተኛው የሙልሙል ጣፋጭነት ምንጭ፣ እንግዲህ፣ ቀኑና እጁ ነው ማለቴ ነው። ያው ስንዴ፣ ያው ኮረሪማ፣ ያው ጋቢ፣ ያችው ጋጋሪ ነበሩ፤ ሆኖም ከቀኑ አልፎ የደረሰው ሙልሙል ዳቦ ብቻ ነበር። በእኔ አፍ የጣፈጠው ደግሞ የሌላ ልጅ ቡሄ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት በመጣሁ ጊዜ ከሌሎች ጣፋጭ ዳቦዎች ጋር ተዋወቅሁ። የጧት ቁርሴ በአብዛኛው ሻይና ቦምቦሊኖ ነበር። በዘይት ተጠብሶ ስኳር የሚነሰነስበት ይህ ድቡልቡል ዳቦ ከነስሙ ከጣልያኖች የመጣ ነው፤ ፉርኖ የምንለው ዳቦም ስሙን ያገኘው ምድጃ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ስኳሩም በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ማምረት ከጀመረ ወዲህ የአገር ምርት ሆኗል። ከትግራይ የመጡ ጓደኞቼ ደግሞ ከላዩ እንደ ጥልፍ የተሸለመ ሕምባሻ ከቤታቸው ሲላክላቸው ያካፍሉኝ ነበር። ቦምቦሊኖን በንቀት አላነሣውም፤ ለተማሪ ባለ ውለታ ነው። ይሁን እንጂ ቦምቦሊኖ የሚበላው የገዛው ሰው ነው፤ በማንኛውም ቀን ይገዛል፤ ቀን አያልፍበትም። ስለዚህም ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም ደግሞ አያስታርቅም።

ዛሬ ቡሄ ሲደርስ የአዲስ አበባ ዳቦ ቤቶች ሙልሙል ጋግረው ይሸጣሉ። ከደጅ መጥተው ለሚጨፍሩት ልጆችም ብዙዎቻችን የምንሰጠው ገንዘብ ነው። ይህን ለመውቀስ አልተነሣሁም፤ ጊዜው እንደዚህ ነው፤ ልጆቹም ገንዘቡን ለደብተር መግዣ ያውሉታል። የምወቅሰው እኛን የጥበብ ሰዎችን ነው። ቡሄን በመድረክና በፊልም ስናሳይ ጅራፉን እናሳያለን፤ ችቦውን እናበራለን፤ ጭፈራውን እናሰማለን። ሌሊቱን ከሊጥ ጋር ያደረችውን ሴት፣ በለሆሳስ ስም እየጠራች የምትቆጥረውን፣ ለራሷ የማትቆጥረውን አሳይተናት አናውቅም። እኔ ራሴ ስንት ትዕይንት ስጽፍ አንድም ጊዜ አላስገባኋትም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደየእናቶቻቸው ልከው፣ እርሾው እንዴት እንደሚያዝ፣ ሊጡ እንዴት እንደሚነካ፣ ማን ለማን እንደሚጋግር ቢያስጽፏቸው፣ የባህል ሠራተኞችም ቢሰበስቡት፣ ትልቅ ቅርስ ይተርፈን ነበር። የጭፈራው ግጥም ተመዝግቧል፤ የጣቷ ዕውቀት ግን ከእርሷ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

እናቴ ያረፈችው በ2015 ዓ.ም. ነው። ለቅሶው ላይ የክርስትና ልጇ ከሩቅ አገር መጥቶ ደረሰ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ልጆች ወልዷል። ሦስት ቀን ከድንኳኑ ሳይወጣ አስተናገደ። በሦስተኛው ቀን ማታ ሽማግሌዎቹ የሟችን ደግነት እያነሡ ሲጨዋወቱ እርሱም ተራው ደረሰና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እኔ እናት አልነበረኝም፤ ይህች ሴት ግን አንድም ዓመት ሙልሙሌን አስቀርታብኝ አታውቅም» አለ።

ረስቶት ይሁን፣ ወይም እንደ እርሷ ውሸቱን ሊይዝልኝ ፈልጎ ይሁን፣ ከፊቱ ለማንበብ ሞከርሁ፤ አልቻልሁም። ሽማግሌዎቹ «ነፍስ ይማር» አሉ። እኔም አብሬ «ነፍስ ይማር» አልሁ፤ ሌላ ቃል ግን አልወጣኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን ለመናገር ነው። በ1982 ዓ.ም. ሙልሙልህ ቀርቶብሃል፤ ያስቀረሁብህም እኔ ነኝ፤ እርሷ አይደለችም።